ዳርጌ፣ ዛፍ ላይ እንዳትወጣ

ዳርጌ፣

ከእኔ ቀድመህ ከገባህ ተኛ እንጂ እንዳትወጣ። ዛፍ ላይ ያሉት ቀፎዎችህ ለነገ ይቆዩ።

ለአለርጂህ ያመጣሁልህ ኪኒን እንቅልፍ ያመጣል። ፋርማሲስቷ «ማታ ብቻ፤ ቀን ውጦ ከፍታ ላይ መውጣት የለም» ብላኝ ነበር። አልነገርኩህም። ብነግርህ አትውጠውም፤ ከንቦችህ ከምትለይ ስታስነጥስ ብታድር ይሻልሃል። እኔ ደግሞ ግራሩ ካበበ ጀምሮ በአንተ ማስነጠስ እንቅልፍ አላየሁም።

አሁን ስገባ ጠዋት ከነበረው ኪኒን ሁለት ፍሬ ጎድሏል።
የመውጫ ገመድህም ከተሰቀለበት የለም።
ስልክህ ይጠራል፣ አታነሳም።

ማጎ መውረጃው ላይ ቀፎዎችህ ወዳሉበት ትልቁ ግራር እየሄድኩ ነው። ሁለት ጎረቤቶች አብረውኝ አሉ። አልጋህ ላይ ብርድ ልብሱን ካጣኸው እኛ ነን የወሰድነው።

ለእናትህ ገና አልደወልኩም።

አቤኔዘር