የደረጃው ዘፈን

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ዛሬም ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዝሻል ወይስ ተወሽ? አባባስ ምግብ ይቀምሳሉ? ልጆቹ አደጉ? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ የቀረውን ደብቄሽ ስለከረምኩ ዛሬ ልንገርሽ ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት።

ሥራዬ ያው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ አንሶላ ከማሽን እያወጣሁ አጥፌ እደረድራለሁ። ሕይወቴ ግን እንደምታውቂው ዘፈን መሥራቱ ነበር። እዚህ ሕንፃ ስገባ ሰው ከሰው ሰላም አይባባልም ነበር። አንድ ሽማግሌ ክፍላቸው ውስጥ ሞተው በአራተኛው ቀን ተገኙ። ዘፈን ልሠራላቸው ብል ስማቸውን እንኳ የሚያውቅ ስላልነበረ በየበሩ እያንኳኳሁ መጠየቅ ነበረብኝ። ጎረቤቱ የተዋወቀው በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሰዓት ልብስ ማስጫው ሥር ጊታሬን ይዤ ስቀመጥ ፀጉር አስተካካዩ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩና ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋም ከነእናቷ ይወርዳሉ። ኑሯቸውን ያወሩልኛል፣ እኔ ግጥም አደርገዋለሁ። የታመመ ሲኖር ተራ ገብተን እናስታምማለን። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን።

አምና የደረጃው መደገፊያ ተገንጥሎ የሹፌሩ ሚስት ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ለሕንፃው አስተዳዳሪ ብንነግረው ብንነግረው ጆሮ አልሰጠንም። እኔም ዘፈን ሠራሁለት፦

ደረጃችን አርጅቶ ጥርሱ ረገፈ፤
አለቃችን አይቶት ዝም ብሎ አለፈ።

ድምፅዋ ስለሚያምር ልብስ ሰፊዋ አቀነቀነችው። ግቢው በሳቅ ሲያውካካ ለካ አስተዳዳሪው በሩ ላይ ቆሟል።

«ይኼን የሠራው ማነው?» አለ።

እኔ ጊታሬን ታቅፌ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ዓይኔን ጊታሬ ላይ ጣልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

በወሩ ክፍልሽ ለሌላ ሰው ይፈለጋል ተባለችና፣ እናቷን ደግፋ በዚያው ደረጃ ወርዳ ሄደች። የስፌት መኪናዋን ተሸክሜ ያወረድኩላት እኔ ነኝ፤ ያን ቀንም ቢሆን የአስተዳዳሪውን በር አላንኳኳሁም።

ማንም ክፉ አልተናገረኝም። እሑድ ሲመጣ ግን የሚወርድ ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ፀጉሬን እየቆረጠ፣ «ለሁላችን አፍ ሆንክልን፤ ለእሷ ሲሆን የት ገባህ?» አለኝ። አሁን በኮሪደሩ ስንተላለፍ ሁሉም ቁልፉን እየፈለገ ያጎነብሳል፤ ባለፈው ሹፌሩ ሦስት ቀን ታሞ መተኛቱን የሰማሁት ከዳነ በኋላ ነው።

ሁለት ወር ከራሴ ጋር ታግዬ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባሁ። ዘፈኑ የኔ ነው፣ እኔን አስወጥተህ እሷን መልሳት አልኩት። «የቱ ዘፈን?» አለኝ። ረስቶታል እኮ፣ እትዬ። ክፍሉም ሰው ገብቶበታል። ልብስ ሰፊዋን አፈላልጌ አገኘኋት፤ መስኮት በሌላት አንዲት ጠባብ ክፍል እናቷን አስተኝታ ትሰፋለች። ይቅር በይኝ ስላት፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ ይቅር ብያለሁ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዘፈን ትቻለሁ ብላ በሩን ዘግቼ እስክወጣ ድረስ ስፌቷን ቀጠለች።

ለልጅሽ ሠርግ ዘፈን ላክልኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ አንድ ስንኝ አልመጣልኝም። ይመጣልኛል ብዬም አልዋሽሽም። በሌላ ሰው አሠሪላት፤ ሙሽሪትም አደራ፣ እንዳትቀየመኝ።

ባልሽን ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ሳሉ እንዲለቀው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ግድግዳ ተጋርታሽ ለምትኖረው ጎረቤትሽ፣ ሳልጠይቃት እንደማላልፍ ንገሪልኝ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጄ ዛሬም ጎረቤቱን ሰብስቦ ያዘፍናል ወይ ብለው ከጠየቁሽ፣ አዎ በያቸው። እሳቸውን ብቻ ዋሺልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው አጠገብ ካለው ክፍል
የካቲት ፲፱ ቀን