ክዳኑስ?

ሰኞ፣ የካቲት 4

እንደ ወትሮው ያለ ቀን። ጠዋት የውኃ ታንከር ነደፍኩ። ከሰዓት በኋላ "ፈራሚው" መጥቶ ፈረመበት። የፋብሪካችን ኢንጂነር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ፊርማው ግን... ከታንከሩ ይበልጣል። መስመሩ ሁሉ የኔ፣ ስሙ የሱ። ዲግሪ የሌለው አይፈርምም፤ ደንቡ ነው።

ከሥራ በኋላ ትምህርት። ለዲግሪው የቀረኝ ይኸው አንድ ኮርስ ነው፤ ሁለቴ ጥሎኛል። አሁንም ከጣለኝ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ። ዛሬ ሰርፌስ ኢንተግራል ጀመርን። በአንድ ጎባጣ ነገር ቆዳ በኩል ስንት ፈሳሽ እንደሚያልፍ መደመር ነው አሉ። መምህሩ በቀኝ እጁ ይጽፋል፣ በግራው ያጠፋል። ከሁለቱ እጆች መሃል ምን ያዝኩ? ምንም።

ቤት ስገባ ድስቱ ተከፍቷል፣ ጆጉ ተከፍቷል፣ የስኳሩ ዕቃ ተከፍቷል። "ክዳን!" ብዬ ጮህኩ። ልጄ ከክፍሉ "እሺ እማዬ" አለ። አልተነሣም። ጥርስ ካወጣ ጀምሮ ይኼን ቃል ስጮህበት ኖሬያለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ልጄን ልጠይቀው ይሆን? ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ይኼንኑ ኮርስ በ"ኤ" ነው ያለፈው። ግን ትናንት አፍንጫውን ስጠርግለት የነበረ ልጅ...

ጠየቅኩት። "ካልተቆጣሽ አስተምርሻለሁ" አለኝ።

"መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?"

ባለቤቴን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ሳል ያዘው። ደረቅ፣ ሳቅ ሳቅ የሚል ሳል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

የመጀመሪያው ትምህርት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ጎድጓዳ ሳህን አመጣ።

"ይኼ ግማሽ ኳስ ነው እንበል። በየቦታው ከቆዳው ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ የሚወጣ ፍላጻ አለ።"

"እንደ ጃርት?"

"እንደ ጃርት!" ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፤ በዚህ ኮርስ አፌን ከፍቼ ልክ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ፈሳሹ ከፍላጻው ጋር ከሄደ ይደመራል፣ ከተቃረነው ይቀነሳል። ይኸው ነው እንዴ? ታዲያ መምህራችን ምን ላብ በላብ ያደርገዋል?

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ሠራሁት! ራዲየሱ ሁለት የሆነ ሳህን ነው። አሥራ ስድስት ፓይ ወጣልኝ። የመጽሐፉን ጀርባ ገለጥኩ፦ አሥራ ስድስት ፓይ! ወረቀቱን ይዤ ቤቱን ዞርኩት።

ልጄ አየው። ደግሞ አየው። ቀይ እስክሪብቶ አነሣ።

"ክዳኑስ?"

"የምን ክዳን?"

"ዝግ ነው ይላል እኮ ጥያቄው። አንቺ ጎባጣውን ብቻ ነው የሠራሽው። ከላይ ያለው ጠፍጣፋስ?"

"መልሱ ልክ ነው አይደል?"

"በክዳኑ የሚያልፈው ባጋጣሚ ዜሮ ስለሆነ ነዋ።"

"ዜሮ ከሆነ ምን አስጨነቀህ?"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ባዶ ድስትም ቢሆን ይከደናል የምትለው ማን ነበረች?"

የባለቤቴ ሳል ተነሣ።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ጠዋት የጥርስ ሳሙናውን ከፍቼ ትቼ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ሥራ ቦታ ድረስ ደወለ። "ኢንጂነሯ፣ ክዳኑስ?" ብሎ ዘጋው። ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ እሺ ያልኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ዛሬ ክዳኑን አልረሳሁም። ግን...

ሳህኑ ያው ነው፣ ፈሳሹ ተቀየረ። በክዳኑ የሚያልፈው አራት ፓይ ነው፣ ከነክዳኑ ጠቅላላው አሥራ ስድስት። የጎባጣው ብቻ ስንት ነው? ሃያ አልኩ። አሥራ ሁለት ነው። የክዳኑን ፍላጻ ወደ ሳህኑ ውስጥ አዙሬዋለሁ፤ መቀነስ ሲገባኝ ደመርኩ።

"የሳህኑ ፍላጻ ወደ ታች አይደል? የክዳኑም ወደ ታች መስሎኝ..."

"ወደ ታች ሳይሆን ወደ ውጭ! ስንቴ ልንገርሽ?"

ስንቴ ልንገርሽ! ይኼ የኔ ንግግር ነው። ድምፁ ሳይቀር የኔ ነው። ሰው ላይ ሲያርፍ እንዲህ ያማል ማለት ነው? እርሳሱን ወርውሬ መኝታ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ።

ፈርቻለሁ። እውነቱ ይኸው ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆቼ በሚሆኑ ልጆች መሃል ተቀምጬ፣ አሁንም ብወድቅ... በቃ፣ ጡረታ እስክወጣ በሰው ፊርማ ሥር ነው የምሠራው።

ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። "እማዬ፣ ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን ወዴት ነው የሚገፋው?"

"ወደ ላይ።"

"ፍላጻውም ወደዚያው ነው።"

በሩን ሳልከፍት ገባኝ። ከዚያ ከፈትኩለት።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ሁሉም ልክ። ቀይ እስክሪብቶው አልቆበት ነው ብዬ ጠርጥሬ ሞከርኩት። ይጽፋል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ተፈተንኩ።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ ዙሪያው ቀጥ ያለ፣ ታቹ ድቡልቡል፣ አናቱ ክፍት። ታንከር እኮ ነው! የኔው ታንከር! ደስ ቢለኝ ነደፍኩት፤ ጥላውን ሳይቀር አጠቆርኩለት። ፈታኙ፣ ልጄን የሚያህል ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ "እናቴ፣ ሥዕል እኮ አይደለም የተጠየቀው" አለኝ። አፈርኩ።

ክፍት ከሆነ መጀመሪያ ልዝጋው። ክዳን ገጠምኩለት፣ ጠቅላላውን አወጣሁ፣ የክዳኑን ቀነስኩ። ፍላጻው ወደ ላይ። እንፋሎት፣ እንፋሎት... ሳይታወቀኝ ጮክ ብዬ ብያለሁ መሰለኝ፣ ከፊቴ ያለችው ልጅ ዞር አለች።

አልፌ ይሆን? ቤት ማንም አልጠየቀኝም። ሁለቱም ላይጠይቁኝ ተማክረዋል። ድስቱ እንኳ ተከድኗል። ድስቱ ተከድኖ ሳይ ነው ይበልጥ የፈራሁት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 25

አለፍኩ። "ቢ"።

ልጄ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ሌላ ነገር የተጻፈበት ይመስል። ከዚያ አቀፈኝ። መቼ ነው እንዲህ የረዘመው? ደረቱ ላይ አለቀስኩ። ባለቤቴም ሳለ፤ ይኼኛው ሳል ግን ደረቅ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ዲግሪው መጣ፤ ዛሬ ፈረምኩ። በራሴ ንድፍ ላይ፣ የራሴን ስም።

እስክሪብቶውን ያቀበለኝ ራሱ ፈራሚው ነው። "በይ እስቲ" አለኝ። በየምሳ ሰዓቱ የተለማመድኩት ትልቁ ፊርማ ጠፋኝ፤ አንዲት ሚጢጢ ነገር ጫርኩ። ንድፉ ወደ ብየዳ ክፍል ሄደ።

ከምሳ በኋላ የብየዳው ኃላፊ ደወለ። ሳቁን እያፈነ ነው። "ኢንጂነር፣ ንድፍሽስ ያምራል። የታንከሩ ክዳን ግን የት አለ?"

ሮጬ ሄጄ አየሁ። አናቱ ክፍት ነው። ያን ሁሉ ሳህን ከድኜ ከድኜ!

እስከ ዛሬ እንዲህ ስሳሳት የሚጠየቀው ፈራሚው ነበር፤ እኔ ከኋላው ቆሜ አንገቴን እደፋለሁ። ዛሬ ኃላፊው ፈራሚው ጋ አልደወለም። እኔ ጋ ነው የደወለው። ስህተቱ ከነስሙ የኔ ነው። ይኼ እንዴት ደስ እንዳለኝ ለማን ይነገራል? ሰው አበደች ይለኛል።

ክዳኑን ሣልኩ። እንደገና ፈረምኩ፣ አሁን በትልቁ።

ቤት ስገባ ድስቱ ተከፍቷል። ዝም ብዬ ከደንኩት። ልጄ ከክፍሉ ብቅ ብሎ፣ "እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?" አለኝ።