አሜን ያጣው ክፍል

ልጄ ታቮን፣

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፤ የጀርመን ብርድም ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን። የግቢያችን የፒካን ለውዝ ዛፍ ዘንድሮ አፍርቷል፤ የአክስትሽ የኧርሊን ጉልበት ቢታመምም አፏ ጤነኛ ነው።

አባትሽ እንዴት እንደሞተ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። አያቶቻችን ነጮች ትምህርት በከለከሏቸው ዘመን ለጥቁር ልጆች ያቆሙት ኮሌጅ ትምህርቱን በኢንተርኔት ካደረገው ወዲህ፣ የሚያስተምረው ከሳሎናችን ነበር። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሰባኪ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ "አሜን" ካላለው ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ ታውቂዋለሽ። አንቺም ከጀርመን ሆነሽ ከተማሪዎቹ አንዷ ነበርሽ፤ የዚያን ቀን ስክሪኑ ላይ ፊታችሁ ሳይታይ ስማችሁ ብቻ ተደርድሯል። "ታቮን፣ የኔ ልጅ፣ አለሽ?" ሲል ከማድ ቤት ሰማሁት። አንቺን በማስተማሩ ይኮራ ነበር። ዝም ሲል መልስሽን የሚጠብቅ መስሎኝ የጠበስኩትን ዓሣ ይዤ ገባሁ። አንገቱን ደፍቶ ቀርቷል። ስምሽ ግን ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ከፍተሽው ገበያ እንደሄድሽ በኋላ ነገርሽኝ። ከዚያ ሁሉ ስም አንድም ሰው አላየውም።

ቀብሩን በስልክ አይተሽ "አሜን" ብለሽ ጽፈሻል። እግዜር ይስጥሽ።

በጥቅምት የመቃብሩ ሐውልት ይቆማል። ዲያቆን ክሌቨን "በኢንተርኔት አስተላልፈዋለሁ" ቢለኝ፣ "ዝጋው" ብዬዋለሁ። ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ። አሜን ማለት ካማረሽ መጥተሽ በአፍሽ በዪው።

እናትሽ