የወሩ ምርጥ ዓይናፋር

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ እንድርያስ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የእንጦጦ ብርድ ጉሮሮዎን ሳይነካው፣ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ድምፅዎም እንደተለመደው እስከ ሽሮ ሜዳ እየተሰማ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ።

እንደሚያውቁት በትምህርት ቤት ሥነ ልቦና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ ለመመረቅ የሚያስፈልገኝን የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድ በእርስዎ ሥር እያካሄድኩ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረኝን ብዙ ነገር ስላስተማሩኝ፣ ምስጋናዬን ለብቻዎ መንገር ንፉግነት መስሎ ታየኝና በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።

1ኛ/ ምስጢር የሚጠበቅበት የምክር ክፍል ብለምንዎ የሚኒ ሚዲያውን ክፍል ከነማይክሮፎኑ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ውሻ እንደሚፈራ በሹክሹክታ ሲነግረኝ፣ ማይክሮፎኑን ያጠፋው ሰው ስላልነበረ ግቢው በሙሉ አብሮን አደመጠ። ከዚያ ወዲህ ልጁ በሄደበት ሁሉ እንደ ውሻ የሚጮሁለት ጓደኞች አላጣም። እርስዎም ይህን “የቡድን ምክር” ብለው በሪፖርትዎ ማስፈርዎን ስሰማ፣ የማነባቸው መጻሕፍት ምን ያህል እንደሚጎድላቸው ገባኝ።

2ኛ/ እኔ ዘንድ የመጡ ልጆች በሰኞ ጠዋት ሰልፍ በስም እየተጠሩ፣ የሚያፍሩት በቀኝ፣ የሚፈሩት በግራ፣ ችግራቸው ገና ያልታወቀው መሀል ቆመው እንዲጨበጨብላቸው ማድረግዎን ሳላደንቅ አላልፍም። “የወሩ ምርጥ ዓይናፋር” የሚለውን የምስክር ወረቀት ያሸነፈው ልጅ ሊቀበል ወደ መድረክ ባለመውጣቱ ቅር መሰኘትዎን ተረድቻለሁ። በእኔ በኩል ግን ሽልማቱ እንደሚገባው አልተጠራጠርኩም።

3ኛ/ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ስለ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ስሟን እርስዎ በድምፅ ማጉያ ስላስተዋወቁልኝ እኔ መድገም አይጠበቅብኝም። ቤቷ ስታወራ የምትውል ልጅ፣ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ከእኔ ጋር ስዕል እየሳለች ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ቀና ብላ “ቀዩን ስጪኝ” አለችኝ። በታክሲ ወደ ቤቴ ስመለስ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። በማግስቱ ሪፖርት ሳቀርብልዎ፣ ሰኞ ሰልፉን ሊያዩ በሚመጡ እንግዶች ፊት ማይክሮፎን ይዛ ትምህርት ቤቱን እንድታመሰግን ወሰኑ። ይህ እስኪሆን ድረስም የልምምድ ቅጼን እንደማይፈርሙ በትሕትና አሳወቁኝ። ልጅቷ ይህን ከሰማች ወዲህ ወደ ክፍሌ አትገባም፤ በሩ ላይ ቆማ ማይክሮፎኑ መጥፋት አለመጥፋቱን ታያለች፣ ከዚያ ትሄዳለች።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ፊርማዎ ይቅርብኝ። በዚህ ዕድሜዬ አንድ ዓመት ደግሜ መማር አይገድለኝም። እሷን ግን በሰኞው ሰልፍ አያቁሙብኝ፤ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማግኘት እኔም እሷም ብዙ ደክመናል።

ለሰጡኝ ትምህርት ወሮታውን መክፈል የማይቻላት፣ ገና ዶክተር ያልሆነችውና በዚህ ደብዳቤ ምክንያትም በቅርቡ የማትሆነው ታዛዥዎ፣
ሄርሜላ ቶሎሳ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ለሰኞው ዝግጅት ሲያለማምዷት ልጅቷ ጥርት ባለ ድምፅ “አልፈልግም” ስትል ከኋላ ቆሜ ሰማሁ፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት ሲያጨበጭቡ አየሁ። መናገሯን በሪፖርትዎ ሲያሰፍሩ፣ እግረ መንገድዎን ምን እንዳለችም ያስፍሩልኝ።