ጀርባው ነጭ የሆነ ጥለት

ፀግዬ፣

ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳ ነው የምጽፍልሽ፤ እንዲህ ያንገበገበኝ ንዴት ነው እንጂ ብርዱ አይደለም፤ የጨንቻ ሰው የሽሮ ሜዳ ብርድ ምን ያደርገዋል! ዛሬ «የሸማኔን ሙያ እናክብር» የሚል የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ላይ ነበርኩ። ቴሌቪዥን እየቀረጸ ለሸማኔዎቹ መፈክሩ ያለበት ባለጥለት ሻርፕ ታደለ። ጋሽ ኦይቻ የሚባሉ፣ አርባ ዓመት ሲሸምኑ የኖሩ ያገራችን ሰው፣ ሻርፑን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ነጭ! ጥለቱ ያልተሸመነ፣ በማሽን የታተመ ነው። «ልጄ፣ ከሥራ ያስወጣን እኮ ይሄው ጨርቅ ነው» ሲሉ ጋዜጠኛዋ ማይኩን ከአፋቸው ወሰደችው። «ጋሼ፣ ለፕሮግራሙ ደስ የሚለውን ብቻ ይንገሩን» አትልም መሰለሽ! ይሄ ነው ማክበር? ጨንቻ ያለው የኛ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ በዚያ በሚንኳኳ ድምፅ ማጉያው፣ የማንን አፍ ዘግቶ ያውቃል?

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ሻይ የምታፈላልንን እትዬ ባዩሽን ሳሚልኝ፣ ለስታፉም ሰላም በይልኝ። ጋሽ ኦይቻ ሊናገሩ ያሰቡትን በሙሉ፣ ከመድረኩ በኋላ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ማይኩን አዘጋጂልኝ፤ ግማሾቹ ተማሪዎቻችን የሸማኔ ልጆች ናቸውና አባቶቻቸው ሲናገሩ ይስሙ። ሻርፑንም ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ምንም እንዳትነግሪያቸው፤ ራሳቸው ይገልብጡት።

ርሆቦት