ስለ ኡሚ ቅቤና ስለ ሰፍያ ድስት

ይድረስ ለወንድሜ ለሙስተፋ
ድሬዳዋ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሙቀቱ ሲበረታ የሚነሳብህ ራስ ምታት ተወህ ወይስ አሁንም ያሰቃይሃል? ሱቅህ፣ ጎረቤቶችህ፣ አብሮህ የሚያድረው ያገራችን ልጅ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ዝናብ ገና አልጣለም፤ ሣሩ አሮ እንሰቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ዓይኔ ያለ መነጽር ያነባል።

ሰላምታውን እዚህ ላይ ገታ አደርገዋለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ተናድጃለሁ፤ ከንዴትም አልፎ ተጸይፌአለሁ። በጭነት መኪናው ሹፌር የላክኸው ቃል ደርሶኛል። «ኡሚ አባቷ ቤት ትቅር፤ ቅቤ የምትቀላቅል ሴት ቤቴ አትገባም» ብለሃል። ሹፌሩ ይህን የነገረኝ ቡታጅራ መናኸሪያ መሐል፣ ሰው ከቦን፣ ብርቱካን እያኘከ ነው። የሚስትህን ስም ከብርቱካኑ ፍሬ ጋር መሬት ላይ ተፋው። አንድ አባት፣ አንድ እናት የወለዱን ወንድሜ እንዲህ ያለውን ቃል እንዲህ ላለ አፍ ይሰጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ነገሩን ከሥሩ እነግርሃለሁ። ቢያምህም እስከ መጨረሻው አንብበው።

ውጆውን ታውቀዋለህ፤ እናታችንም ነበረችበት። ሴቶቹ በየሳምንቱ ከየቤታቸው ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያመጣሉ፤ የተሰበሰበው ተራዋ ለደረሰ ለአንዷ ይሰጣል፤ እሷም ለበዓሏ ታነጥረዋለች። ዘንድሮ ለዓረፋ ተራው የጎረቤታችን የከማሉ ሚስት የሰፍያ ነበር። እንግዶቿ ከወልቂጤ ሳይቀር ይመጣሉ ተብሎ ሽር ጉድ ሲባል ሰነበተ።

ሰፍያ ድስቱን ጣደች። ልጅ ሆነህ «ቅቤ እሳት ላይ ሲወጣ ለምን ይጮሃል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። የሚጮኸው በውስጡ ያለው ውሃ ነው ብዬሃለሁ። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ከወተቱ የተረፈው አተላ ታች ይዘቅጣል፣ የጠራው ከላይ ይቀራል። የሰፍያ ድስት ግን መጮኹን አልተው አለ። ኮሰረቱ ገባ፣ ኮረሪማው ገባ፤ አሁንም ይንጣጣል። ከሥሩ እንደ ገንፎ ያለ ነገር ድስቱን ሙጭጭ ብሎ ይዞ አረረ። እንግዳ ደጅ ላይ ነው፤ ምን ታድርግ? በጨርቅ አጥልላ ክትፎውን በዚያው ለወሰችው።

እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ተቀምጬ ነበርና ጣባው መጀመሪያ የቀረበው ለኛ ነው። አንድ ጉርሻ አፌ ከተትኩ። ምላሴ ላይ እንደ ሙጫ ተለጠፈ። ሽታው የከረመ የድስት እጣቢ ነው። ዋጥ እንዳላደርገው ይከረፋል፣ እንዳልተፋው ሰው አለ። በመጨረሻ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተፋሁት፤ ቀና ስል የወልቂጤዎቹ እንግዶችም እዚያው አጥር ሥር ቆመዋል። የሰፍያን ፊት ያን ቀን ማየት አይቻልም ነበር።

የከተማውን ምግብ ቤት ቆሻሻ ለምጄዋለሁ። ጎመኑ አረንጓዴ እንዲመስል ሶዳ ይነሰንሱበታል፤ መልኩ ያምርና ጣትህ ላይ እንደ ንፍጥ ይሟልጫል። ባቄላውንም ማገዶ ላለመጨረስ በሶዳ ያፈርሱታል። ጨዋ ሰው እንደዚያ ያለ ቤት አይገባም፤ እኔ አልገባም። ይህ ግን የመጣው ከገዛ ጓዳችን፣ በገዛ ሴቶቻችን እጅ፣ በገዛ ኮባችን ተጠቅልሎ ነው። የጠላሁት ይህን ነው።

በማግስቱ ሴቶቹ ሰፍያ ቤት ተሰብስበው ጥፋተኛ ፈለጉ። አንዷ የኡሚ ቅቤ ሁልጊዜ እጅ ላይ ይቀልጣል አለች። ሌላዋ ቢጫነቱንስ አላያችሁም አለች። «የኛ በዚህ በጋ እንደ ኖራ ነጭና ደረቅ ነው፤ የሷን ብቻ ማን አለሰለሰው? ዘይት ነው እንጂ!» ተባለ። ኡሚ ከላሜ ጡት በቀር ከየትም አልመጣም ብላ ወላሂ አለች። ይሄኔ አንዷ «ላምሽ ዘይት ትጠጣለች እንዴ?» ብላ ቤቱን ሙሉ አሳቀችው። ይህችን ፌዝ ያዛት፤ እመለስባታለሁ። ሌላዋ ደግሞ «የጉመር ልጅ ነገደችብን» አለች። ባሏ አጠገቧ የሌለ ሴት ላይ ምላስ እንዴት እንደሚረዝም አታውቅም።

ኡሚ አላለቀሰችም። ጠዋት ላሟን እየነዳች የሰፍያ በር ላይ አሰረችና የመኖዋን የፋጉሎ ጆንያና አረንጓዴ የእንሰት ቅጠል አጠገቧ አስቀመጠች። ሰፍያን «እኔ የማበላትን አብያት፤ ራስሽ እለቢ፣ ራስሽ ናጪ። ቅቤው ካልለሰለሰ ያን ጊዜ ሌባ በዪኝ» አለቻት። ከዚያ ልጅህን ባሂራን አዝላ በዘቢዳር ተራራ አድርጋ ወደ አረቅጥ፣ ወደ አባቷ አገር ጉመር ወጣች። ላንተ የደረሰህ ወሬ እዚህ ላይ የተቆረጠው ነው። አንተም ቀጣዩ ምንድን ነው ብለህ ሳትጠይቅ ፈረድክ።

ቀጣዩ ይኸውልህ። ሰፍያ አለበች፣ ናጠች። ቅቤው ለሰለሰ፤ ቢጫም ሆነ። ጆንያው ሲያልቅ ላሟ ወደ ደረቅ ሣር ተመለሰች፤ ሰነባብቶ ቅቤው እየጠጠረ መጣ። ከማሉ ሁለቱን ቅቤ በኮባ ይዞ ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ ላሟ አንድ፣ የናጠችው ሴት አንድ፤ ቅቤው ለምን ሁለት ሆነ?» አለኝ። ፋጉሎ ከኑግ ዘይት ሲጨመቅ የሚቀረው ነው አልኩት። ያ የዘይት መጭመቂያ ሁሉንም አይጨርሰውም፤ ጥቂት ዘይት ውስጡ ይቀራል። ዘይት ደግሞ ብርድ አያረጋውም። የላም ስብ የበላችውን ይመስላል፤ ዘይት ያለበት የበላች የለሰለሰ ትሰጣለች፣ ደረቅ ሣር የበላች ደረቁን። ቢጫው ኡሚ እየቆረጠች ከምትጥልላት አረንጓዴ የእንሰት ቅጠል ነው። እንግዲህ ያቺ ሴት በፌዝ የተናገረችው ልክ ነበር፤ ላሟ ዘይት ትቀምሳለች። የሳቁት ሁሉ እውነቱን ሰምተው ነው የሳቁት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላሟን ፋጉሎ ያስጀመራት ማን ነው? አንተ ነህ! ባለፈው ክረምት በስልክ፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሰማሁ፣ «ወተቱ እንዳይቀንስ ፋጉሎ አብያት» ብለህ የጮህክባት አንተ ነህ። ሚስትህ ቃልህን አክብራ ሌባ ተባለች፤ ሌባ ካሏት ሰዎች ጋር ደግሞ ተባበርክ።

የኡሚ ነገር ጠራ፤ የሰፍያ ድስት ግን ገና አልጠራም። ዘይት ድስት ሥር እንደ ገንፎ ይዞ አያርርም። የሚያርረው ዱቄትነት ያለው ነገር ነው። ከልጆቻችን የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ለብቻዬ ተቀምጬ የተማርኩት አለ፤ ድንች ላይ አዮዲን ጠብ ሲያደርጉበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ስብ ላይ ግን እንደ ቡናማነቱ ይቀራል። ከመድኃኒት ቤት የቁስል አዮዲን ገዛሁና ለማንም ሳልናገር በውጆው ቀን ሴቶቹ መሐል ገባሁ። ወንድ ምን አመጣው ብለው አጉረመረሙ። እኔም ከመጀመሬ በፊት ፍርዱን ተናገርኩ፤ ቅቤዋ የጠቆረባት ሴት ከነቤተሰቧ በእግሯ አረቅጥ ሄዳ ኡሚን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ በሚቀጥለውም ውጆ ከሁሉ ቀድማ የራሷን ፈትታ ታስመረምራለች። ሁሉም ይሁን አሉ።

ኮባው አንድ በአንድ ተፈታ። ቡናማ፣ ቡናማ፣ አሁንም ቡናማ። ከዚያ አንዱን ሳነሳ እጄ ቋጠሮውን አወቀው። ቃጫውን ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ የሚሸጉጥ በዚህ ሰፈር አንድ ሰው ነው፤ አሚኔ፣ ሚስቴ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ነጠላዋን እያየች ነበር። ጠብ አደረግኩበት። እንደ ቀለም ጠቆረ።

 ወዲያው ያቺው «ላምሽ ዘይት ትጠጣለች» ያለችው ምላሰኛ «እንግዲህ ጋሼ፣ ፍርዱን ይድገሙልን፤ አልሰማንም» አለች። ደገምኩት። አንድም ቃል አልቀነስኩም።

ቤት ስንገባ ምን እንደሆነ ነገረችኝ። ላማችን ወተት መቀነሷን አውቅ ነበር፤ ጭራሽ መንጠፏን ግን ደብቃኛለች። ድርሻዋ እንዳይቀር ከገበያ ለጋ ቅቤ እየገዛች በራሷ ኮባ ትጠቀልል ነበር። ነጋዴው የተቀቀለ ድንች ፈጭቶ አሽቶበታል፤ በላዩ እውነተኛ ቅቤ ቀብቶ አሽትቶታል። ያ ሰውዬ ሰው አይባልም፤ አላህ ይይለት። አሚኔ ድንቹን አላወቀችም፤ ይህን አምናታለሁ። ግን የሰፍያ ድስት ባረረ ጊዜ ጠርጥራለች። ኡሚ ስትሰደብ እዚያው ተቀምጣ ዝም ብላለች። ከድንቹ ይልቅ ያቅለሸለሸኝ ይህ ዝምታ ነው። ለምን አልተናገርሽም ስላት «ወተት የሌለው ቤት ውጆ ውስጥ አይቀመጥም ያልከኝ አንተ ነህ፤ እንዴት ልንገርህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። የነጠፈባት ነጥፎብኛል ብላ ትነሳ፤ ላሟ ስትወልድ ትመለስ። ማፈር ያለበት ነገር እሱ አልነበረም።

ፍርድ ፍርድ ነውና ሁለታችንም በእግራችን ወጣን። ሰው በመኪና ሂዱ አለን፤ በእግሯ ነው ያልኩት አልኩ። ዳገቱ ላይ ጉልበቴ እንደ ቢላ ይወጋኝ ነበር፤ እሷም ትንፋሿ ተቆራረጠ።  አንድ ቦታ ላይ ተቀብያት ጓዟን ተሸከምኩላት፤ እሷም አልመረቀችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

የኡሚ አባት በአክብሮት ተቀበለን። አሚኔ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ተናገረች። ኡሚ ሰማች፤ ሳመቻትና አስቀመጠቻት። ቆጮና ጎመን ቀረበ፤ ቅቤ አልቀረበም፤ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ኡሚ ለእኔ «ጋሼ፣ የሴቶቹን ይቅር ብያለሁ፤ እነሱ የተቃጠለ ድስት አይተው ነው። የባሂራ አባት ግን ድስቱንም አላየ፣ ቅቤውንም አልቀመሰ፣ እኔንም አልጠየቀ። በሹፌር አፍ አባሮኛል፤ በሹፌር አፍ አልመለስም። እሱ ራሱ ይምጣ» አለች። አባቷ ሊያባብላት ሲጀምር እኔ አስቆምኩት። ልክ ናት።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ልመና አይደለም። ሱቁን ለልጁ ትተህ ና። ቡታጅራ አትውረድ፤ በቀጥታ አረቅጥ ውጣ። እኔ በታመመ ጉልበቴ የወጣሁትን ዳገት አንተ በደህና እግርህ ትወጣዋለህ። ካልመጣህ ላሟም እዚያው ሰፍያ በር እንደታሰረች ናት፣ ሚስትህና ልጅህም አባቷ ቤት ናቸው፤ እኔም ወንድም አለኝ ማለቴን እተዋለሁ። 

ከማሉ በብርቱ ሰላም ብሎሃል። ሰፍያ እንዳፈረች ንገርልኝ ብላለች፤ ፋጉሎም በራሷ ገዝታ ላሟን መልሳ ጀምራላታለች። አሚኔም ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ቃሏን እንደነገረችኝ ጻፍኩ። ባሂራ ጥርስ ጨምራለች፤ ስምህን ስትጠራ ሰምቻለሁ። ያገራችንን ልጅ ሰላም በልልኝ። ያንን ሹፌር ሰላም አትበልልኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሰው አንድ ጣሳም ይሰጥሃል። ከኡሚ ላም የተናጠ፣ ያልተነጠረ ቅቤ ነው። አዮዲን ጠብ አድርጌበት አይቼዋለሁ። ባገርህ ሙቀት ቀልጦ፣ ቢጫ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚደርስህ። ስትከፍተው ዘይት ነው ብለህ እንዳትደፋው። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠውና ታገሥ፤ ይረጋል። ለሚስትህ ያልሰጠሃትን ትዕግሥት ለቅቤዋ ስጠው።

ታላቅ ወንድምህ
ሙሀመድሰይድ
መስቃን፣ ቡታጅራ አጠገብ
የካቲት 29 ቀን 1999 ዓ.ም.