ከአጥራችን ሥር ያለው እሾህ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ታነክሻለሽ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን በንዴት አሯል።

አምና አድርቀሽ የላክሽልኝ የጓሯችን እሾህ ትዝ ይልሻል? እዚህ የምሠራው የእነ የሱፍ አበባ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ነው፤ ሰላጣ ሳይቀር ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ቅጠሉን እፈጫለሁ፣ ዘረመሉን አነባለሁ፣ ማን ለማን እንደሚቀርብ እስላለሁ። ሱፍና የሱፍ አበባ በስም ይመሳሰሉ እንጂ ሱፍ የኮሸሺላ ወገን ነው፤ ለየሱፍ አበባ የሚቀርበው ኑግ ነው። ያንቺን እሾህ ሰው ሁሉ ኮሸሺላ ይለዋል። እኔ ሦስት ጊዜ ብፈትሸው፣ ሦስቱንም ጊዜ ከእነ ኑግ ጎን ወጣ።

አለቃዬ ስዕሉን አይቶ በሰው ፊት ሳቀብኝ። «እሾህ ያለው ሁሉ ከኮሸሺላ ነው፤ ብልቃጥ አቀያይረሽ ነው፣ እመቤት!» አለና መስመሩን ሰርዞ ወደ ኮሸሺላ ወሰደው። ደረቁን ተክል ከተለጠፈበት ወረቀት ጋር አምጥቼ ዘረጋሁለት። ወረቀቱ ግርጌ፣ «ለቃሚ» ከሚለው ጎን ያንቺን ስም አነበበ። «ይቺ ደግሞ ማን ናት? የገጠር ሴት የለቀመችው ማስረጃ አይሆንም» ብሎ ከነተክሉ ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። እታለም፣ በእኛ ሥራ ያ ወረቀት መቶ ዓመት ይቀመጣል፤ የለቃሚ ስም አይነካም! «ከእርስዎ ዓይን የእህቴን እጅ አምናለሁ» አልኩት። በማግስቱ «ቸልተኛ ናት» የሚል የክስ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ።

ታኅሣሥ አሥር ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ተክሉን ካላሳየሁ እባረራለሁ። ባልደረቦቼ «ይቅርታ ጠይቂውና ይለፍ» ይሉኛል። እሱን ይቅርታ ከምጠይቅ ሞቼ ልገኝ!

ስለዚህ ዛሬውኑ ጓሮ ውጪ። ከነሥሩ ከነአበባው ሁለት ንቀዪ፤ ጋዜጣ መሃል አድርገሽ ከፍራሽሽ ሥር ተጫኚው። ሲደርቅ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን በቀጥታ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ላኪ፤ ሁለቱንም ሊቀድ አይችልም። የለቀምሽበትን ቀንና ስምሽን፣ ከነአባትሽ ከነአያትሽ፣ በራስሽ እጅ ጻፊበት። በትልቁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የአጥሩን ሥር ለመመንጠር እጁን እንዳያነሣ ግን ንገሪልኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ፍየሏን ደግሞ እሰሪያት።

እጇን ያልሰጠች ታናሽ እህትሽ

ከደረቅ ተክሎች ማከማቻ ክፍል
ኅዳር 6 ቀን